የሙሽታቅ ጎሽና የፈሰሰው ቤንዚን

የኮት ማህራው ሙሽታቅ የምትታለብ የቤት ጎሽ የገዛው ከተገለበጠ ቦቴ በቀዳው ቤንዚን ነው። ይህን ወሬ በባስቲ ናሩዋላ መንደር ያልሰማ ቢኖር ትናንት የተወለደ ሕፃን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ስም እስኪወጣለት ድረስ ይሰማዋል። የወሬው ባለቤት መንደሩ ሁሉ አክስት እያለ የሚጠራት ጀነታን ነበረች። ሠርግ ላይ ታወራዋለች፣ ለቅሶ ላይ ታወራዋለች፣ ታንዱር በምትለው የሸክላ ምድጃዋ ውስጥ ዳቦ ስትለጥፍ ጎንበስ እንዳለች ታወራዋለች። «አንድ በርሜል! አንድ በርሜል ብቻ ቀድቶ እኮ ነው ደጁ ላይ ጎሽ ያሰረው!» ባወራችው ቁጥር ጎሿ ትሰባለች። መጀመሪያ ስድስት ሊትር ትታለብ የነበረችው በብርዱ ወራት አሥራ ሁለት ደረሰች፤ ሙቀቱ ሲገባ ደግሞ ከጡቷ በቀጥታ ቅቤ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ወሬ ቀለብ አይጠይቅም፤ ሲወፍር ግን የሚያህለው የለም።

ሙቀቱ በከፋበት በሰኔ ወር፣ አንድ ማለዳ፣ የሴቶቹ ትምህርት ቤት መምህርት ሰቢሃ የውኃ መሳቢያውን ቁልፍ ልትቀበል ወደ መስጊዱ ሄደች። ሰቢሃ ባለፈው ብርድ አውራጃው ከተማ ወርዳ ከነፍስ አድን ሠራተኞች ዘንድ የዐሥር ቀን ሥልጠና ወስዳ ነበር። ስትመለስ አንድ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ አንድ ፊሽካና አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ መንደሩ ደግሞ «ፊሽካዋ» የሚል ስም አወጣላት። ስሙን ሰምታ እንዳልሰማ አለፈችው። ሰው ያልገባውን ነገር መጀመሪያ ይስቅበታል፤ መሳቁ የሚያስቀይም አይደለም፣ ስቆ እዚያው ሲቀር ነው እንጂ።

ሰው ሁሉ በአክብሮት ሚያን ጂ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ሚያን ሸረፍ ዲን፣ በመስጊዱ ደረጃ ላይ በገመድ አልጋቸው ተቀምጠው ጋያቸውን ያንቆረቁራሉ። አርባ ዓመት ሙሉ የመንደሩን የመስኖ ተራ የደለደሉ እሳቸው ናቸው። የማን ማሳ ረቡዕ ጠጥቶ የማን ሐሙስ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ቦይ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቃሉ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም በእጃቸው ነው። ፍየል ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ የክትባት ሰዎች ሲመጡ፣ የነጻ ምግብ ሲታደል፣ መንደሩ የሚሰማው በሳቸው ድምፅ ነው። እሳቸው ያላሉት ነገር በባስቲ ናሩዋላ እንዳልተባለ ይቆጠራል።

«ቁልፉን ፈልገሽ ነው ወይስ ፊሽካሽን ልትነፊብኝ?» አሉ ሰቢሃን ገና ከሩቅ ሲያዩዋት።

«ፊሽካው ለአደጋ ነው ሚያን ጂ፤ ደግሞ እርስዎ አደጋ አይደሉም» አለች።

ሽማግሌው ሊስቁ ሲሉ ከታች በኩል አክስት ጀነታን ሻርፗ ከራሷ ወርዶ፣ በአንድ እጇ ባዶ ባልዲ በሌላው አፉ ድረስ የሞላ ጣሳ ይዛ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደረሰች። ጣሳውን እሳቸው እግር ሥር፣ ከጋያው ፍም አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ዘጭ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ሚያን ጂ! ቦቴ ተገለበጠ! የዋናው መንገድ መታጠፊያ፣ ግራሩ ሥር! ቤንዚኑ እንደ ምንጭ እየፈሰሰ ነው፣ ይኸው ቀድቼ አመጣሁልዎ፣ አሽትተው ይመኑ! ድምፅ ማጉያውን ይክፈቱ፣ ሕዝቡ ዕቃ ይዞ ይውጣ፣ የማዶዎቹ ሳይቀድሙን! ሙሽታቅ በአንድ በርሜል...»

ሰቢሃ የወሬውን መጨረሻ አልጠበቀችም። ዘላ ጋያውን ከነፍሙ ከሽማግሌው አፍ ነጠቀች፤ ከመስጊዱ ጀርባ ሮጣ አፈር ውስጥ ቀብራው ተመለሰች።

በዚያ መንደር ሴት ልጅ ቀርቶ ወንድ ልጃቸውም የሚያን ጂን ጋያ ነክቶ አያውቅም።

«አንቺ ልጅ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ «አባትሽ ቢኖር ዛሬ አንገቱን ይደፋ ነበር።»

«አባቴ ቢኖር ከርስዎ ጋር አብሮ ይቃጠል ነበር። ይቅርታዎን ቆይቼ ጉልበትዎን ይዤ እለምናለሁ። አሁን ግን ማይክራፎኑን እንዳይከፍቱ!»

«ለምን አልከፍትም? መንገድ ላይ የወደቀ ሲሳይ ነው። እኛ ባንቀዳው መሬት ይጠጣዋል። ማባከን ኃጢአት መሆኑን ደግሞ እኔ አላስተምርሽም።»

«ሰዎቹ ሄደዋል እኮ!» አለች ጀነታን ጣልቃ ገብታ። «ልብስ ሊያጥቡ የወረዱት ሴቶች ሁሉ እየቀዱ ነው። ምራትዎ ዙበይዳም እዚያው ናት፣ እንስራዋን ይዛ!»

ሰቢሃ ስልኳን አውጥታ በዚያው ቅጽበት ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ደወለች፤ ቦታውን፣ ቦቴ መሆኑን፣ ቤንዚን እየፈሰሰ መሆኑን በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። «ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅብናል፤ ሰው አርቁ» አሏት። ሃያ አምስት ደቂቃ!

«እሺ፣» አሉ ሚያን ጂ፣ የምራታቸው ስም ትንሽ ቢያለዝባቸውም እልሃቸው ገና አልበረደም፤ «ቤንዚን ያለ ክብሪት አይነድም። 'ቅዱ፣ ነገር ግን ማንም ሲጋራ እንዳይለኩስ' ብዬ አውጃለሁ። በቃ! ምኑ ነው ችግሩ?»

«እርስዎ ሲጠሩ ስንት ሞተር ብስክሌት ይነሳል ሚያን ጂ?»

«ኧረ ሠላሳም አርባም።»

«እያንዳንዱ ሞተር ውስጥ እሳት አለ። ባልዲ ከድንጋይ ሲፋጭ ብልጭታ አለ። ክብሪት የሚጭር ሰው አያስፈልገውም።»

«ይሁን፤ ቢነድ እዚያው መንገድ ላይ ይነዳል። እኛ እዚህ ነን። እሳት እግር የለውም።»

«አለው እንጂ! ቤንዚን ውኃ አይደለም፤ ተኖ የሚወጣው ነገር ነው የሚነደው። ያ ትነት ደግሞ እንደ ጋያዎ ጢስ ወደ ላይ አይሄድም። ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው።»

ሚያን ጂ ሳቁ። እውነትም የሚያስቅ መሰላቸው። «ወደ ታች የሚሄድ እንፋሎት! ይህንን ነው ዐሥር ቀን ሙሉ ያስተማሩሽ? ልጄ፣ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወደ ታች የወረደ እንፋሎት አላየሁም።»

«ዛሬ ያያሉ። እዚያ ጣሳው ላይ ሳይሆን ከጣሳው ሥር፣ ጥላውን ይመልከቱ።»

የማለዳ ፀሐይ በሰያፍ ኖራ በተቀባው ደረጃ ላይ አርፋለች። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። የጣሳው ጥላ ነጩ ኖራ ላይ ተጋድሟል፤ ከጥላው ጠርዝ ግን አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ የጋለ መንገድ ላይ እንደሚታየው ያለ የሚርገበገብ ነገር። ከጣሳው አፍ ተርፎ በጎኑ ወረደ፤ ደረጃው ላይ ተንጠፈጠፈ፤ ከመጀመሪያው እርከን ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ወረደ። የሄደው በቀጥታ ቅድም ጋያው ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ነበር።

ሚያን ጂ ጎንበስ እንዳሉ መንገዱን በዓይናቸው ተከተሉ።

«እንደ ውኃ» አሉ በመጨረሻ።

«እንደ ውኃ!» አለች ሰቢሃ። «ውኃን ደግሞ ከርስዎ አብልጦ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ። አሁን ግራሩ ሥር፣ መታጠፊያው ላይ ውኃ ቢለቀቅ ወዴት ይሄዳል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው አየር ላይ ቦዩን ተከትሎ ሄደ። «ሦስተኛው ቦይ ይገባል። የማንጎ ተክሉን ጥግ ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ታችኛው ሰፈር... ከጀነታን ጓሮ ጀርባ...» ዓይናቸውን ገለጡ። «ጀነታን! ታንዱርሽን አጥፍተሽ ነው የመጣሽው?»

«ማጥፋት?» አለች ጀነታን። «ዳቦ እኮ ለጥፌበት ነው የሮጥኩት! አሁን እንኳ እያረረብኝ ይሆናል፣ ሄጄ...»

«አንዲት እርምጃ እንዳትራመጂ!» ብለው ሻርፗን ጫፉ ላይ ያዙት። ሰው ሲያምን ፊቱ ላይ አይታይም፤ እጁ ላይ ነው የሚታየው። «ታንዱሩ በአንድ ጫፍ፣ ዙበይዳ በሌላው ጫፍ፣ መሐል ላይ ቦዩ። እሳትና ጭድ! ልጄ፣ አሁኑኑ አውጃለሁ። 'ቦቴ ተገልብጧል፣ እንዳትጠጉ' እላለሁ።»

«እንደሱ አይሆንም!» አለች ሰቢሃ። «'እንዳትጠጉ' ሲባል ግማሹ ለማየት፣ ግማሹ ለመቅዳት ነው የሚሮጠው። የመንደራችንን ሰው አያውቁትም?»

«ታዲያ ልዋሽ? ይህ ማይክራፎን አርባ ዓመት ውሸት አልወጣበትም።»

«አይዋሹ። እውነት ያድርጉት። የባስቲ ናሩዋላ ሰው ምን ሲባል ነው ምግቡን አቋርጦ የሚነሳው?»

ሚያን ጂ አዩዋት። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ማለዳ፣ ቁጣ የሌለበት ፈገግታ አፋቸው ላይ ታየ። የመስኖ ተራ! በዚያ አገር ሰው ሠርጉን ያዘገያል፤ ተራውን ግን አያሳልፍም። ላይኛው የቦይ በር ደግሞ በምዕራብ፣ ከፍታው ላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከቦቴው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ከዚያ የተሻለ መሸሻ ቢፈለግ አይገኝም።

ድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተከፈተ።

«የባስቲ ናሩዋላ ሰዎች! ሸረፍ ዲን ነኝ! የበጋው የውኃ ተራ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ላይኛው በር ላይ ይደለደላል! አባወራ ከነቤተሰቡ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ! ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ቤት ዘንድሮ አንዲት ጠብታ አያገኝም! በእግር ነው የምትመጡት፣ ሞተር የሚያስነሳ ተራው ተሰርዟል! እሳት የሚጭር ተራው ተሰርዟል! ታችኛው ሰፈር፣ በቦዩ በኩል ሳይሆን በአገዳው ማሳ ዙሩ! መንገድ ላይ ያላችሁ ሴቶች ዕቃችሁን እዚያው ጥላችሁ ኑ! ዙበይዳ! ባባሽ ነው የሚናገረው! ጣይው!»

ሰቢሃ ሰደርያዋን አጥልቃ በነፋሱ መምጫ በኩል ወደ ዋናው መንገድ ሮጣ ነበር። ወደ ቦቴው አልተጠጋችም፤ ጀግንነት ቦቴውን መንካት ሳይሆን ሌላው እንዳይነካው ማድረግ ነው። መንገዱ ላይ ከሩቅ ቆማ ፊሽካዋን ነፋች፤ አንድ የጭነት መኪና አቆመች፣ ከኋላው አውቶቡስ ቆመ፣ ሞተራቸውን አስጠፋች። የቦቴውን ሹፌርም በምልክት ጠርታ ከአደጋው አራቀችው፤ የጭነት መኪናውንና የአውቶቡሱን ሹፌሮች «ከዚህ አንድም ጎማ እንዳያልፍ፤ በማዶ በኩልም አንዳችሁ በሜዳው ዞራችሁ አስቁሙ» አለቻቸው። ሴቶቹ ዕቃቸውን እየጣሉ ወደ እሷ መጡ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ጫማ የጠፋባት አለች፣ ልጅ በጀርባዋ ያዘለች አለች። ወደ ላይኛው በር ላከቻቸው። ዘጠነኛዋ፣ ዙበይዳ፣ ግን አልመጣችም።

ላይኛው በር ላይ ሚያን ጂ የተራውን መዝገብ ከፍተው ስም ይጠራሉ።

«ጉልዛር!»

«ሙሉ ነን ሚያን ጂ!»

«ፋዛል ካሪም!»

«ሙሉ! እናቴን በአልጋ ተሸክመናታል!»

እውነትም አሮጊቷ በገመድ አልጋ ላይ፣ በአራት ወንዶች ትከሻ እንደ ንግሥት ትመጣለች፤ «ውኃውን ለማን ሰጡት?» እያለች ትጠይቃለች። የሌላው ቤት ስም በሙሉ ተጠርቶ አለቀ። የቀረው አንድ ስም የራሳቸው ነበር። የራሳቸውን ቤት ለመጥራት አፋቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ሸረፍ ዲን!» አለች አክስት ጀነታን በእሳቸው ፈንታ።

ከቤቱ ሰው ዙበይዳ ብቻ ጎድላለች።

ያኔ በአገዳው ማሳ ጫፍ ላይ ዙበይዳ ታየች። ቀጥ ብላ፣ እየተራመደች፣ እንስራው ራሷ ላይ። ዕቃ ጣሉ ሲባል ዕቃ መጣል ያልለመደች ሴት ናት፤ ድሃ ቤት ውስጥ አድጋ እንዴት ትጥለው? ቤንዚኑ በየእርምጃዋ እየተንጠባጠበ ትከሻዋን ያርሰዋል። ከኋላዋ ሰቢሃ እየሮጠች ደረሰች።

«ዙበይዳ! አውርጂው! ቀስ ብለሽ፣ መሬት ላይ አስቀምጪው፣ አትወርውሪው! አሁን ተይው፤ ወደ እኔ ነይ!»

«እንስራው የአማቴ ነው፣ ባባ ይቆጡኛል!»

«ባባ ሌላ እንስራ ይገዙልሻል!» ብለው ሽማግሌው ከላይ ጮኹ፤ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋቸውም። «እኔ ሌላ ልጅ ከየት እገዛለሁ?»

ዙበይዳ እንስራውን አስቀመጠች። ሴቶቹ በአንሶላ ከልለው የራሰ ልብሷን አወለቁላት፤ በቦዩ ውኃ አጠቧት፣ ደረቅ ልብስ አለበሷት። የመጨረሻውን ቁልፍ ሳትቆልፍ ነው እሳቱ የተነሣው።

መጀመሪያ የታየው ቀጭን ነገር ነበር። ከጀነታን ታንዱር በስተጀርባ ሰማያዊ ነበልባል ብቅ አለና ቦዩ ውስጥ ገባ። እንደ እባብ ነበር የሮጠው፣ ሽቅብ፣ በማንጎ ተክሉ ጥግ፣ ሚያን ጂ በጣታቸው አየር ላይ በሣሉት መንገድ፣ አንዲት መታጠፊያ ሳይስት። ግራሩ ሥር ሲደርስ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሰማዩ ብርቱካናማ ሆነ። ወላፈኑ አንድ ኪሎ ሜትር አቋርጦ ፊታቸውን ገረፋቸው። ሕፃናት ጮኹ። የአክስት ጀነታን ታንዱር፣ ከነዳቦው፣ እንዳልነበረ ሆነ።

«ሁለት መቶ ዐሥራ አራት» አሉ ሚያን ጂ መዝገቡን ደረታቸው ላይ ይዘው። «ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። ሙሉ ነን።»

የነፍስ አድን መኪኖቹ በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ደረሱ፤ አረፋቸውን ረጩ፣ ያልነደደውን በአሸዋ ከበቡት። የቡድኑ መሪ «ሟቹ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ «የለም» ሲባል ደግሞ ጠየቀ። የተጎዳው አንድ ብቻ ነበር፤ የፎቶ ፍቅር ይዞት ስሙ ከተጠራ በኋላ ሾልኮ ወደ ማንጎ ተክሉ የተጠጋው የጉልዛር ወንድም፣ ክንዱን ወላፈን ለብልቦታል። አክስት ጀነታን የጥርስ ሳሙናና ቅቤ ይዛ ስትሮጥ ሚያን ጂ በከዘራቸው መንገዷን ዘጉት።

«ቀዝቃዛ ውኃ! ሃያ ደቂቃ፣ በሰዓት! ቅቤውን ለዳቦ አቆይው!» ከዚያ ወደ ሰቢሃ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ፦ «ትክክል ነኝ አይደል?»

«ትክክል ነዎት ሚያን ጂ።»

«ጋያዬንስ የት ነው የቀበርሽው?»

ከዚያ ወዲህ በባስቲ ናሩዋላ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ለሌሎች መንደሮች ቢጠቅም እጽፈዋለሁ። ታንዱሮች በሙሉ ከቦይ ዳር ተነሥተው ከፍ ያለ ቦታ ተሠሩ። በየሰፈሩ የአሸዋ ክምርና ባልዲ አለ፤ ለቤንዚን እሳት ውኃ ሳይሆን አሸዋ እንደሚሻል፣ ውኃ እሳቱን ተሸክሞ እንደሚሄድ፣ ልጆች እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ያነበንባሉ። ቦቴ ከተገለበጠ ማን መንገዱን በዚህ ወገን፣ ማን በዚያ ወገን እንደሚዘጋ በስም ተወስኗል። መሸሻው በነፋስ መምጫ፣ ወደ ከፍታ፣ ስምንት መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የሰቢሃን ሥልጠና ዐሥራ አንድ ሴቶች ወስደዋል፤ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ዙበይዳ ነበረች። የበጋው የውኃ ተራም በዚያው ቀን፣ ጢሱ ገና ሳይበተን፣ ላይኛው በር ላይ በእውነት ተደለደለ፤ ሚያን ጂ ማይክራፎናቸው ውሸት እንዲወጣበት አልፈቀዱም። አሁን ተራው በተደለደለ ቁጥር ሽማግሌው ከመጀመራቸው በፊት «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው፣ አንድ ጣሳ ሳይሆን አንድ ብርጭቆ ውኃ ደረጃው ላይ አፍስሰው፣ ወዴት እንደሚሄድ ለሕፃናቱ ያሳያሉ።

አክስት ጀነታን ብቻ አልረካችም። ታንዱሯ ተሠርቶላታል፤ ግን ልቧ እዚያ ግራሩ ሥር ቀርቷል። «መትረፉ ተረፍን፣ ተመስገን፤ ይሁን እንጂ የኮት ማህራው ሙሽታቅ በአንድ በርሜል ጎሽ አሰረ፤ እኛ ግን አንዲት ጣሳ ይዘን ቀረን» ትላለች። ሰቢሃም መልስ መስጠት ትታለች።

ጥጥ በሚለቀምበት ወር አንድ ከሲታ ሰው ጎሽ እየጎተተ በላይኛው በር አጠገብ አለፈ፤ ለከብቱ ውኃ ለመነ። ሚያን ጂ አስጠጡለት።

«እዚህ ማንም አልሞተም የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀ ሰውየው።

«አንድም» አሉ ሚያን ጂ።

ሰውየው ጎሿ ጠጥታ እስክትጨርስ ገመዷን ይዞ ቆመ። «የኮት ማህራ ሙሽታቅ እባላለሁ» አለ ከዚያ።

አክስት ጀነታን ከተቀመጠችበት ተነሣች። ጎሿን ከቀንድ እስከ ጭራ ቃኘቻት። እንዳወራችው የሰባች አልነበረችም። «እቺው ናት?» አለች። «በርሜሉን ሸጠህ የገዛሃት?»

«በርሜሉ ቤት አልደረሰም፣ እህቴ» አለ ሙሽታቅ ገመዱን እየጠቀለለ። «ልጆቼ ነበሩ ሊቀዱ የሄዱት፣ ሁለቱም። ይቺን የገዛኋት መንግሥት ለእነሱ በሰጠኝ ካሣ ነው።»